እናት ደሴ፣ ልጆች ባሕር ማዶ፦ አዳሪ ሠራተኛ የመቅጠር ውሳኔ (የጉዳይ ጥናት)

ነርስ ነኝ። የምኖረውም የምሠራውም ደሴ ነው። አንድ ጥያቄ ደጋግሞ ይመጣብኛል። ከጅዳ፣ ከኩዌት፣ ከዱባይ ይደወልልኛል። «እናቴ ብቻዋን ናት። አብራት የምታድር ሠራተኛ ልቅጠርላት?» ይሉኛል።

መልሱ ከቤት ቤት ይለያያል። አንዱን ቤት ግን ከሐምሌ 2016 እስከ አሁን፣ እስከ ጥር 2018 ድረስ፣ በቅርብ ተከታትዬዋለሁ። ሦስት ጊዜ ተሞከረ። ሁለቱ አልሆነም፤ ሦስተኛው እየሄደ ነው። ለሌሎች ይጠቅማል ብዬ ስላሰብኩ ልጻፈው አልኩ። ቤተሰቡ ፈቅዶልኛል። አሁን ያለችው ሠራተኛም አንብቤላት ሁለት ቦታ ላይ አርማኛለች። የማንንም ስም አልጠቅስም።

ቤተሰቡ

እናትየው 71 ዓመታቸው ነው። ባለቤታቸው ከሞቱ ዘጠኝ ዓመት ሆኗቸዋል። ከጦሳ ተራራ ሥር ካሉት ሰፈሮች በአንዱ፣ ልጃቸው በላከችው ገንዘብ በተሠራ ባለ ሦስት ክፍል ቤት ይኖራሉ። ስኳርና ደም ግፊት አለባቸው። ኢንሱሊን ጠዋትና ማታ ይወስዳሉ። መርፌውን የሚወጉት ራሳቸው ናቸው፤ እጃቸው ግን መንቀጥቀጥ ጀምሯል።

ልጆቹ አራት ናቸው። የበኩሯ ጅዳ ሰው ቤት ትሠራለች። ትንሿ ኩዌት ናት። አንደኛው ወንድ ዱባይ ሹፌር ነው፤ ሌላው አዲስ አበባ ትዳር ይዟል። በተግባር የቤቱ ሸክም የበኩሯ ነው። እሷ መጀመሪያ የሄደችው በ2003 ነበር። በ2006 ከሳዑዲ ከተመለሱት ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን አንዷ ሆነች። ያኔ ወደ አረብ አገር በሥራ መሄድ ታግዶ ነበር። እገዳው በ2010 ተነሳ፣ እሷም በ2011 ኮንትራት ይዛ ተመለሰች። ሰው ቤት አድሮ መሥራት ምን እንደሆነ ከዚህ ቤተሰብ ውስጥ አጥብቃ የምታውቀው እሷ ናት። ታናሿም ታውቀዋለች፤ ግን ጥቂት ዓመቷ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ጥቅምት 2014 ጦርነቱ ደሴ ሲገባ ስልክ ተቋረጠ። የበኩሯ የእናቷን ድምፅ ሳትሰማ ሳምንታት አለፉ። «ከዚያ ወዲህ ስልክ ካልተነሳ ልቤ ይቆማል» ትለኛለች። ኋላ የተፈጠረውን የስልክ ጣጣ ለመረዳት ይህን ማወቅ ያስፈልጋል።

ችግሩ

ሐምሌ 2016፣ ዝናብ ባደረበት ሌሊት፣ እናትየው ጓሮ ወዳለው መጸዳጃ ሲወጡ ድንጋዩ አዳለጣቸው። የግራ እጃቸው አንጓ ተሰበረ። ጭቃው ላይ ተቀምጠው ነጋባቸው። ያገኛቸው ለሱብሂ ሶላት የወጣ የጎረቤት ልጅ ነው። ለምን እንዳልተጣሩ ስጠይቃቸው፣ «ሰው ከእንቅልፉ አልቀሰቅስም ብዬ ነው» አሉኝ።

በሳምንቱ አራቱም ልጆች በኢሞ ተሰበሰቡ። አዲስ አበባ ያለው «እኔ ጋ ይምጡ» አለ። እናትየው እንቢ አሉ። «ቅሬዬን ጥዬ የት ልሂድ? ስሞት ማን ያነሳኛል?» ሌላው አገር ዕድር የሚለውን እኛ ቅሬ ነው የምንለው። ይሄን መልስ እንደ ግትርነት የሚያዩ ልጆች ብዙ ናቸው። እኔ ግን እናትየው ልክ ናቸው እላለሁ። አርባ ዓመት የሰው ለቅሶ የደረሱበትን፣ የሰው ድንኳን የተከሉበትን ማኅበር ጥለው ማንም ወደማያውቃቸው ኮንዶሚኒየም መግባት ለእሳቸው ሌላ ስብራት ነው።

የበኩሯ ደግሞ ጠቅልላ ልትመጣ አሰበች። «ኹሩጅ ልበልና ልምጣ?» አለችኝ። እሷ ከመጣች ግን የመድኃኒቱንም የቤቱንም ወጪ የሚሸፍን አይኖርም። የቀረው ሠራተኛ መቅጠር ነበር። ዱባይ ያለው ወንድም በዚያው ሳምንት ደላላ ይፈለግ አለ።

አንድ ሳምንት በደብተር

እኔ ትንሽ እንታገሥ አልኩ። እናትየው ምን ሲሆኑ ሰው እንደሚያስፈልጋቸው በትክክል የሚያውቅ አልነበረም። አንዱ ልጅ «ምግብ የሚሠራላት የለም» ይላል። ሌላዋ «ብቸኝነት ነው የሚገድላት» ትላለች። ስለዚህ ባለ 50 ሉክ ደብተር ገዛን። የጎረቤት ልጅ፣ አሥረኛ ክፍልን የጨረሰች፣ ሰባት ሌሊት አብራቸው አደረች። ቀን ቀን እኔና አንዲት ጎረቤት ተፈራረቅን። የሆነውን ሁሉ በሰዓቱ ጻፍን። የሦስተኛው ቀን ገጽ እንዲህ ይላል፦

«ሌሊት 6፡20፦ ሽንት። ግድግዳ ይዘው ወጡ።
ሌሊት 8፡00፦ ሽንት።
ሌሊት 9፡45፦ ሽንት። በሩ ላይ ዞረባቸው፣ ያዝኳቸው።
ንጋት 11፡15፦ ሶላት፣ ወንበር ላይ ተቀምጠው።
ጠዋት 1፡30፦ መርፌ።
ጠዋት 3፡00፦ ቁርስ። እንግዳ መጥቶ ዘገየ።
ጠዋት 4፡00፦ ቡና። አራት ሰው።
ቀን 8፡00፦ ልጅ መጣች፣ ጨው ተበድራ ሄደች።
ቀን 10፡00፦ ቡና። ሦስት ሰው።»

ሳምንቱ ሲያልቅ ገጾቹን ፎቶ አንስቼ ለልጆቹ ላክሁ። የበኩሯ ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከዚያ «ቀን ቀንማ እማየ ብቻዋን አይደለችም» አለች። እውነት ነው። በሰባት ቀን ውስጥ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ድረስ ያ ቤት ከአንድ ሰዓት በላይ ባዶ የሆነው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። አቦል፣ ቶና፣ በረካ እስኪጠጣ ድረስ ጎረቤት ይገባል፣ ይወጣል። እንጀራና ልብስ ደግሞ በሳምንት ሁለት ቀን የምትመጣ ተመላላሽ ትጨርሰዋለች።

አደጋው ሌላ ቦታ ነበር። አንደኛ፣ ሌሊት ነው። ሁለተኛ፣ በመርፌውና በምግቡ መካከል ያለው ክፍተት ነው። ኢንሱሊን ተወግቶ ምግብ ከዘገየ ስኳር ሊወርድ ይችላል። ሦስተኛ፣ ያ ጓሮ ነው።

ገጹን ለሚከታተሏቸው ሐኪም አሳየሁ። ሌሊት ሦስትና አራት ጊዜ የሚያስነሳቸው አንድ ሽንት የሚያበዛ የግፊት መድኃኒት ማታ ስለሚወስዱት ነበር። ሐኪሙ ወደ ጠዋት አዛወረላቸው። በሁለት ሳምንት ውስጥ መነሳቱ ወደ አንድና ሁለት ወረደ። ክዳን ያለው ፖፖ ተገዛ። ከአልጋው አጠገብ መብራት ተደረገ። መኝታ ቤቱ ደፍ ላይ የነበረው የሚያዳልጥ ምንጣፍ ተነሳ። ይህ ሁሉ አንድ ላይ የአንድ ወር የሠራተኛ ደሞዝ አልፈጀም።

ሌሊት ግን ሰው አሁንም ያስፈልጋል። ሐኪሙም እኔም በዚህ ተስማማን። ስለዚህ አዳሪ ይሁን ተባለ። የምትመጣዋ ሰው ዋና ሥራ ሌሊት ቀላል እንቅልፍ መተኛትና ጠዋት መርፌና ቁርስን ማገናኘት መሆኑም ታወቀ።

የመጀመሪያው ሙከራ፦ የዘመድ ልጅ

እንዲህ ብለን ተነጋግረን ሳለ ከወረባቦ ገጠር የዘመድ ልጅ መጣች። 13 ዓመቷ ነው። «እናስተምራታለን፣ እሷም አብራቸው ታድራለች» ተባለ። ደሞዝ አልተወራም። በእኛ አገር ይሄ የተለመደ ነው፤ ክፋት ያለበትም አይመስልም። የልጅቱም ወላጆች ደስ ብሏቸው ነው የላኳት። እኔ አልወደድኩትም፤ ግን አጥብቄ አልተናገርኩም። ጥፋቴ ነው።

መስከረም ላይ ትምህርት ጀመረች። ሌሊት ትነሳለች፣ ጠዋት ክፍል ውስጥ ትተኛለች። መምህሯ በሦስተኛው ሳምንት አስጠራን።

ጥቅምት ላይ አንድ ጠዋት ልጅቱ ባዶ እግሯን እየሮጠች ቤቴ መጣች። «እማማን ጂን ያዛቸው!» አለች። ስደርስ እናትየው ወንበር ላይ ናቸው። ላብ አጥምቋቸዋል፣ ነጠላቸው ርሷል፣ የሚናገሩት አይያያዝም። መርፌ ወግተው ቁርስ አልበሉም። በመሣሪያው ስለካቸው ስኳራቸው 48 ነው። ከ70 በታች ዝቅተኛ ነው። መዋጥ ይችሉ ስለነበር ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር ግማሽ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ በጥብጬ ሰጠኋቸው። ከ15 ደቂቃ በኋላ 82 ሆነ። ራሱን የሳተ ሰው አፍ ውስጥ ግን ምንም ነገር አይጨመርም፤ በቀጥታ ወደ ሐኪም ቤት ነው።

እናትየው ሲረጋጉ ልጅቱን ፈለግኋት። ከበሩ ኋላ ቆማ ትንቀጠቀጣለች። «ማንም አልነገረኝም» አለችኝ። እውነቷን ነው። የጎልማሳ ኃላፊነት ጥለንባት የነገራት ሰው አልነበረም።

በዚያው ወር ሐይቅ ወደሚኖሩት አክስቷ ሄደች። አሁን እዚያ ትማራለች። የደብተርና የዩኒፎርም ወጪዋን የጅዳዋ ልጅ እስካሁን ትልካለች።

ሁለተኛው ሙከራ፦ በደላላ

ኅዳር 2017 ላይ ደላላ የ24 ዓመት ወጣት አመጣ። ደሞዟ 3,000 ብር። ንቁ ናት፣ እጇ ንጹሕ ነው። ስኳር መለካት በሁለት ቀን ለመደች። እናትየውም ወደዷት። እኔም እፎይ አልኩ።

ችግሩ የመጣው በስልክ ነው። ከጅዳ ይደወላል፤ ሠራተኛዋ ካሜራውን አዙራ ድስቱን ታሳያለች። ከኩዌት ይደወላል፤ መኝታ ቤቱን ታሳያለች። ዱባይ ያለው ሥጋ ይሠራላት ይላል። የአዲስ አበባው ሚስት ሥጋ ይቅር፣ ጎመን ይሁን ትላለች። አንዷ «ጎረቤት አታብዢ» ስትል ሌላዋ «እማየን ብቻዋን አትተያት» ትላለች። አንድ ቀን ቆጠርኩ። ከጠዋት እስከ ማታ አሥራ አንድ ጊዜ ተደወለ። በመካከሉ ዱባይ ያለው ወንድም በመንገደኛ ካሜራ ላከ። ሳሎን ይሰቀል አለ።

ያን ዕለት ሠራተኛዋ ሽንኩርት እየከተፈች «እኔ እኮ አራት ማዳም ነው ያለኝ» አለችኝ። አልተማረረችም። እንደ ነገሩ ነው የተናገረችው።

ይህን ለጅዳዋ ልጅ ነገርኳት። ዝም አለች። ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ «ሃሎ» አልኩ። ከዚያ እንዲህ አለች። «ማዳሜ ሳሎን ውስጥ ካሜራ አላት። ቁጭ ስል ትደውላለች። ‹ለምን ተቀመጥሽ?› ትለኛለች። አሁን እኔ በእናቴ ቤት እንደዚያ ሆንኩ?» በዚያው ሌሊት ለወንድሟ ደወለች። ካሜራው ከካርቶኑ አልወጣም።

ስልኩ ቀነሰ። ደሞዙ ግን ተበላሸ። አራቱ በየወሩ ተካፍለው ይከፍላሉ ተብሎ ነበር። የጥር ደሞዝ ወንድማማቾቹ ሲጠባበቁ 11 ቀን ዘገየ። ደላላው ደግሞ ሠራተኛ ባዛወረ ቁጥር ኮሚሽን ያገኛል። 4,000 ብር የሚከፍል ቤት አገኘላት። ረመዳን ሊገባ ሳምንት ሲቀረው ቁልፉን ከሱቅ አስቀምጣ ሄደች። «እኔም ብሆን እሄድ ነበር» አለች የጅዳዋ። እውነቷን ነው፤ ያቺን ልጅ አልወቅሳትም።

በመካከሉ ስድስት ሳምንት የቅሬው ሴቶች በተራ አደሩላቸው። ረመዳን ስለነበር ለሱሁር የሚነሳ ሰው አይጠፋም። ከአራተኛው ሳምንት በኋላ ግን ድካሙ በግልጽ ይታይ ነበር። የሰፈር ደግነት ክፍተት ይሸፍናል፤ ዓመት ሙሉ ሌሊት አይሸከምም።

ሦስተኛው ሙከራ፦ ልጅ ያላት ሴት

ዒድ ካለፈ በኋላ፣ መጋቢት መጨረሻ ላይ፣ አንዲት የኩታበር ሴት በሰው በሰው ተገኘች። 38 ዓመቷ ነው። ቤሩት ስድስት ዓመት ሠርታለች። የስምንት ዓመት ወንድ ልጅ አላት። ልጅ ይዛ ስለሆነ አምስት ቤት መልሰዋታል። ዱባይ ያለው ወንድምም «ልጅ ያላት አንቀጥርም» አለ።

እናትየው ግን አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ። «እንቅልፏ ቀላል ነው?» ሴትየዋም «ልጅ ያሳደገ ሰው እንቅልፉ ቀላል ነው፣ እማማ» አለች። በዚያው አለቀ።

ሴትየዋ ክርስቲያን ናት፤ ቤቱ የሙስሊም ነው። ከሩቅ ሆነው የሚጠይቁኝ ሰዎች ይህ አስቸጋሪ ይመስላቸዋል። ወሎ ውስጥ ግን የሠርግ ድግስ ለሁለቱም ወገን ለይቶ መሥራት የለመደ ሰው ለአንድ ወጥ ቤት አይቸገርም። ለእሷ አንድ ድስትና አንድ መጥበሻ ተለየ። የቤቱን ሥጋ ትሠራለች፣ እሷ አትበላም። የፍስክ ቀን የራሷን ታመጣለች። አምስት ደቂቃ አልፈጀም።

ጊዜ የወሰደው ውሉ ነው። መጀመሪያ ደሞዝ የሚከፈልበት የአንድ ሳምንት ሙከራ ተደረገ። ከዚያ አንድ ገጽ ጻፍን። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ፣ ቁጥር 1156/2011፣ ለትርፍ ያልሆነ የግል አገልግሎት ቅጥርን አይሸፍንም። የቤት ሠራተኛ ውል የሚታየው በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። እኛ ግን አዋጁን እንደ መለኪያ ወሰድነው። ለሌላው ሠራተኛ በሳምንት 24 ሰዓት ያልተቋረጠ ዕረፍት ከተባለ ለእሷም ይሁን አልን። ለመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን ፈቃድ ከተባለ ለእሷም ይሁን አልን። ያው አዋጅ ከ15 ዓመት በታች ያለን ልጅ መቅጠር ይከለክላል። ወጣት ሠራተኛን ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ማሠራትም አይፈቅድም። ይህን ሳነብ የወረባቦዋ ልጅ ትዝ አለችኝ።

ወረቀቱ ጮክ ተብሎ ተነበበ፤ የጅዳዋ ልጅ በስልክ ትሰማለች። ሴትየዋ ሁለት ነገር አስጨመረች። ስልኳ እንዳይያዝባት፣ ልጇም ከሳሎን እንዳይባረር። «ቤሩት ፓስፖርቴም ስልኬም ማዳም ጋ ነበር» አለች። ጅዳ ያለችው ወዲያው «ጻፉት» አለች።

ውሉ ላይ ከሰፈሩት ዋና ዋናዎቹ እነዚህ ናቸው። አሠሪዋ አንዲት ናት፣ የበኩሯ። ሌሎቹ ልጆች እናታቸውን ይጠይቃሉ፤ ለሠራተኛዋ ትእዛዝ አይሰጡም። ጥሪ በቀን አንዴ፣ ከምሽቱ 2፡30። ደሞዝ 5,500 ብር፣ በወሩ የመጀመሪያ ቀን፣ በራሷ የባንክ ሒሳብ። የሁለት ወር ደሞዝ አስቀድሞ ባንክ ይቀመጣል፣ ልጆቹ ቢዘገዩም እሷ አትዘገይም። ሌሊት ከሁለት ጊዜ በላይ ከተነሳች በማግስቱ ከቀኑ 8 እስከ 10 ሰዓት ትተኛለች። ደሞዙ በየስድስት ወሩ ይታያል። ይህን የመጨረሻውን ያስገባነው በምክንያት ነው። ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የበኩሯ የምትልከው ሪያል ብዙ ብር ይመነዘራል፤ የሽንኩርቱም የጤፉም ዋጋ እንደዚያው ወጥቷል። ላኪዋ ያገኘችው ጭማሪ ለሠራተኛዋም መድረስ አለበት። መስከረም 2018 ላይ 6,200 ሆነ።

ዕረፍቷ ከቅዳሜ ማታ እስከ እሁድ ማታ ነው። ቅዳሜ ሌሊት ማን ይደር? ሰርቪስ ቤቷን የተከራየች የወሎ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ታድራለች። በምትኩ ኪራይ ተቀነሰላት።

ተያዥም ጠየቅን፤ ዘመዷ መታወቂያውን ይዞ መጣ። ከዚያ የበኩሯ አንድ ነገር አለች። «እኔ እዚህ በደል ሲደርስብኝ የምናገርለት ሰው የለኝም። ለእሷም ተያዥ ይኑራት።» አንድ የሰፈር ሽማግሌ ተመረጡ። ቅር ያላት ነገር ካለ ለእሳቸው ትናገራለች፤ እሳቸው ለቤተሰቡ ያደርሳሉ። እኔ በሌላ ቤት እንዲህ ሲደረግ አይቼ አላውቅም። በሁለት ወሩ ግን አስፈለገ።

የጠፋው ብር

ግንቦት 2017 መጨረሻ፣ ለአረፋ በግ መግዣ 12 ሺህ ብር ተልኮ እናትየው እጅ ገባ። በማግስቱ የለም። እናትየው «እዚሁ አስቀምጬው ነበር» ይላሉ። ኩዌት ያለችው ሰማች። ውሉን ጥሳ ለሠራተኛዋ በቀጥታ ደወለች። «ብሩን አምጪ» አለቻት።

ሴትየዋ መልስ አልሰጠችም። ገብታ ልብሷን በፌስታል መክተት ጀመረች። ልጁ የእናትየውን ነጠላ ይዞ ያለቅሳል። እናትየውም ያለቅሳሉ። እኔ ስደርስ ሽማግሌው ቀድመውኝ ደርሰዋል። በር ላይ ቆመው «መጀመሪያ እንፈልግ። ካልተገኘ ያኔ እንነጋገራለን። ዛሬ ማንም ከዚህ ቤት አይወጣም» አሉ።

ሁለት ቀን ተፈለገ። በሦስተኛው ቀን ሣጥን ውስጥ የነበረ አሮጌ መስገጃ ሲዘረጋ ከበድ አለ። ገበሩ በጥቁር ክር ተሰፍቷል። ብሩ እዚያ ነበር፣ አንድም ሳይጎድል። የሰፉት እናትየው ናቸው። መስፋታቸውን አላስታወሱም።

የኩዌቷ ልጅ ይቅርታ ለመጠየቅ አምስት ቀን ፈጀባት። ጠየቀች ግን። ሴትየዋ ተቀበለቻት። «አብሽሪ፣ በሰው አገር ሆነሽ ነው» አለቻት። አብሽሪ የምትለዋን ቃል ከእናትየው ነው የለመደቻት።

ከዚያ ወዲህ ከ2,000 ብር በላይ በጥሬው ወደ ቤት አይገባም። የገባውና የወጣው ደብተር ላይ ይጻፋል፤ ይህም ሠራተኛዋን ከጥርጣሬ ለመጠበቅ ነው። ሁላችንም ያላየነውን ደግሞ ያን ቀን አየን። እናትየው መርሳት ጀምረዋል። አሁን ለዚህም ክትትል ላይ ናቸው። መርፌውን የምትቀዳው ሠራተኛዋ ሆናለች፤ ሐኪም ቤት ወስጄ አስተምሬያታለሁ።

ያልተሳካው

ልጁ በዓመቱ አጋማሽ ስለመጣ መሸኛው ዘግይቶ ያ ወሰነ ትምህርት አመለጠው። ቀድመን ማሰብ ነበረብን።

እናትየው ቡናቸው ላይ ስኳር ይጨምራሉ። ሠራተኛዋ አሠሪዋ እናት ላይ «ተይ» ማለት አትችልም። ስኳሩን ደብቂ ብለን ስናዛት ሁለቱ ተኳረፉ። «በገዛ ቤቴ ተቀጣሁ» አሉ። ትእዛዙን አነሳን። አሁን የምናገራቸው እኔ ነኝ፤ አንዳንዴ ይሰሙኛል።

መዋጮው እስካሁን እኩል አይደለም። የሚበዛውን የምትከፍለው የበኩሯ ናት። ለሠራተኛዋም ጡረታ የሚባል ነገር የለም። በወር የምትቆጥበውን ትቆጥባለች፤ ከዚያ ያለፈውን እስካሁን አልፈታነውም።

ለሌላ ቤት የሚሆነው

ለሚደውሉልኝ ሰዎች አሁን የምነግራቸው ከዚህ ቤት የተማርኩትን ነው። ከመቅጠር በፊት አንድ ሳምንት ይጻፍ። ሰው የሚያስፈልገው ቀን ከሆነ ተመላላሽ ይበቃል። ሌሊት ከሆነ የቤት ሥራ ጎበዝነትን ትታችሁ እንቅልፏንና ድንጋጤዋን እዩ። መድኃኒት የሚወሰድበትን ሰዓት ለሐኪም አሳዩ፤ አንዳንዱ ችግር በሰዓት ይፈታል።

የዘመድ ልጅ አታምጡ። እናስተምራታለን የሚለው ቃል ሌሊት ከምትነሳ ልጅ ጋር አይሄድም። ማስተማር ከፈለጋችሁ ካለችበት ሆና አስተምሯት።

ከሩቅ ሆኖ አንድ ሰው ብቻ ያዝዝ። ለመቆጣጠር ከካሜራ ይልቅ በሳምንት ሁለት ቀን ቡና ሊጠጣ የሚገባ ጎረቤት ይሻላል። ጎረቤቱ ደግሞ ሠራተኛዋንም «እንዴት ነሽ?» የሚል ይሁን።

ደሞዙን ከወንድማማች መዋጮ ላይ አታንጠልጥሉት። በየወሩ የሚዘገይ 6,000 ብር፣ በቀኑ ከሚደርስ 5,000 ብር ያነሰ ነው።

የስኳር ሕመምተኛ ካለ ሠራተኛዋ ሥራ ከመጀመሯ በፊት ስኳር ሲወርድ ምን እንደሚመስል ትወቅ፦ ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ የተደነባበረ ንግግር። ወጥ ቤት ግድግዳ ላይ በትልልቅ ፊደል ይለጠፍ። እነሱ ቤት ከምድጃው በላይ ተለጥፏል። የጻፈው ልጇ ነው።

አሁን ያለበት

የበኩሯ ኮንትራት ሰኔ 2018 ያበቃል። ልታድስ ነው። ከዚያ በፊት ለሁለት ወር ኢጃዛ (የዕረፍት ፈቃድ) ትመጣለች። ሠራተኛዋ በዚያ ጊዜ ፈቃዷን ወስዳ ኩታበር ትሄዳለች፤ ደሞዟ አይቋረጥም።

ቀጣዩ ጣጣ የካቲት ነው። ዘንድሮ ረመዳንና ሁዳዴ በአንድ ሳምንት ውስጥ ይገባሉ። ሐኪሙ እናትየው እንዳይጾሙ መክሯቸዋል። እሳቸው ደግሞ ቢያንስ የመጀመሪያዎቹን ቀናት ካልጾምኩ ይላሉ። ባለፈው ቅዳሜ ስገባ እናትየውና ሠራተኛዋ ወጥ ቤት ቁጭ ብለው ነበር። ልጁ በዚያ በመጀመሪያው ደብተር ባዶ ገጾች ላይ ቀኖቹን እያሰመረ ይጽፋል፦ መርፌ፣ ልኬት፣ ሱሁር፣ የእናቱ የጾም ምግብ። እናትየው «ለሐኪሙ አሳይልኝ፣ ይሄን አይቶ ይፍረድ» አሉኝ። ቀጠሯችን ጥር 28 ነው። ደብተሩን ይዤ እሄዳለሁ።